ጉርድ ፎቶግራፍ፦ የአንድ የዋግ አርበኛ ገበሬ የቤት ምስሎችና ትረካቸው

ስለ አምስቱ ዘመን ተጋድሎ በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት በትምህርት ክፍላችን እንግዳ አይደሉም። የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» (1949 ዓ.ም.)፣ የታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው» (1960 ዓ.ም.)፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» (1985 ዓ.ም.) በየጊዜው በክፍል ውስጥ ይነሣሉ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍም ይመረጣሉ። እነዚህ ሁሉ ግን ብዕር የጨበጡ ሰዎች ሥራዎች ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሞፈሩ የተመለሰው፣ ፊደል ያልቆጠረው ወይም ቆጥሮም መጽሐፍ ለመጻፍ ያላሰበው አርበኛ ታሪኩን ያስቀመጠው በሌላ መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ ቃል ነው፤ ፉከራውን፣ ሽለላውንና የለቅሶ ግጥሙን የሥነ ቃል አጥኚዎቻችን በተቻላቸው መጠን ሰብስበውታል። ሁለተኛው መንገድ ግን እስካሁን እንደ ምንጭ የተቆጠረ አይመስለኝም። እሱም በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ከሥዕለ ማርያም ጎን የሚሰቀለው የቤት ፎቶግራፍ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው የዋግ ገበሬ የቤት ፎቶግራፍ ብቻውን የማይነበብ መሆኑን ነው። ምስሉ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ምስሉን እያሳዩ የሚነገረው ቃል ነው። ቃሉን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ከወረቀቱ ቀድመው እያለቁ ናቸው።

ባለታሪኬ የእናቴ አጎት ነበሩ። የቤተሰቡ ፈቃድ ስለሆነ ስማቸውን አልጠቅስም። ከሰቆጣ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ መንደር ተወልደው፣ ጢማቸው በቅጡ ሳይወጣ ነፍጥ ያነገቱ፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ቀሪ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ፣ ዘጠና ዓመት አልፏቸው በ2001 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በክረምት ዕረፍት እየሄድኩ የሚነግሩኝን በደብተር አሰፍር ነበር። ከዕረፍታቸው በኋላ የነበረውን ያገኘሁት ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ነው።

ወደ ፎቶግራፎቹ ከመግባቴ በፊት ካሜራ ወደ ዋግ በማን እጅ እንደ ገባ መናገር ያስፈልጋል።

ዋግ ገዢዎቹን አስመልክቶ ረጅም ትዝታ ያለው አገር ነው። ዋግሹሞቹ የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት እንደሚስቡ ይተረካል፤ ዋግሹም ጎበዜም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ዋግሹም ጓንጉል በዐድዋ ከዘመቱት የጦር አለቆች አንዱ ናቸው። ከሰቆጣ አጠገብ በሚገኘው የወቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሳይፈርሱ የቆዩ አስከሬኖች አሉ፤ የአገሩ ሰው የዋግ ሹማምንት ናቸው ብሎ ያምናል። ገዢውን ከሞተ በኋላም በአካል ጠብቆ የሚያቆይ ሕዝብ ለመልክና ለአካል የሚሰጠው ክብር ቀላል አይደለም። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ያስፈልጋልና።

ካሜራ በዚያ አካባቢ ከታየባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት ነው። ጦሩ በአሸንጌ በኩል አድርጎ የዋግንና የላስታን ጠርዝ ይዞ ሲያልፍ ፎቶግራፍ የሚያነሡ የመሐንዲስ ወታደሮች አብረውት ነበሩ። ተራራውንና ሠፈሩን፣ ያገኟቸውንም መኳንንት አነሡ። ምስሎቹ ለንደን ሄዱ፤ ለተነሣው ሰው የቀረለት ነገር የለም። በአዲስ አበባ ከዚያ ወዲህ ቦያጂያንን የመሰሉ አርመናውያን ፎቶግራፍ አንሺዎች በቤተ መንግሥት ዙሪያ ሥራ ቢጀምሩም፣ ይህ ለዋግ ባላገር የሩቅ ወሬ ነበር።

ቀጥሎ በብዛት የመጣው ካሜራ የፋሺስት ኢጣልያ ካሜራ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ኢጣልያ «ሉቼ» በተባለው የፊልምና የፎቶግራፍ ተቋሟ አማካይነት ለምሥራቅ አፍሪካ የተመደበ ልዩ ክፍል ነበራት። ከዚያ በተጨማሪ ብዙው መኮንንና ወታደር የግሉን ካሜራ ይዞ ነበር። በግል ካሜራ የተነሣው ለጋዜጣ የሚሆን አልነበረም፤ ለቤተሰብ የሚላክ፣ በጓደኛ መካከል የሚለዋወጡት ነበር። ይህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ ነው በኋላ መረጃ ሆኖ የተገኘው።

በ1929 ዓ.ም. ክረምት ላስታና ዋግ በጠላት ላይ ተነሡ። በዋግ የተነሣውን የመሩት የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበሩ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። የተቆረጠው ራስ ፎቶግራፍ ተነሣ። ይህ ምስል ዛሬም በየመጽሐፉ ይታተማል። ከዋግ ምድር በዓለም ዘንድ ከታወቁት ምስሎች አንዱ ይህ መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ የዋግን የፎቶግራፍ ታሪክ ለሚያጠና ሰው መነሻ መሆን አለበት።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት እንደዚህ ያሉትን ከኢጣልያውያን እጅ የተገኙ ፎቶግራፎች ሰብስቦ የወንጀል ማስረጃ አደረጋቸው። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1940 ዓ.ም. ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ በአሥር ኢጣልያውያን ላይ የቀረበውን ክስ ተቀበለ። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ላይ ለተፈጸመው ወንጀል አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ገዳዩ ለመታሰቢያ ያነሣው ሥዕል ምስክር ሆኖ ቆመ፤ ምስክሩን የሰማ ችሎት ግን አልተገኘም።

ተማሪ ሳለሁ የዚህን ፎቶግራፍ ቅጂ ከአንድ መጽሐፍ አባዝቼ ለአጎቴ ወሰድኩላቸው። ደጃዝማች ኃይሉን በሕይወታቸው ሳሉ እንዳዩዋቸው ነግረውኝ ስለነበር የሚያስታውሱትን ይጨምሩልኛል ብዬ ነው። ወረቀቱን ተቀብለው አንድ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ገልብጠው መደቡ ላይ በፊቱ አስተኙትና ጋቢያቸውን ጫፉ ላይ ጣል አደረጉበት። «ጌታ በዚህ አይታወቅም» አሉኝ። ስለ ደጃዝማቹ አነጋገር፣ ስለ በቅሏቸው፣ ስለ ግብራቸው ሲያወሩኝ አመሹ። ወረቀቱን ሳልወስደው ቀረሁ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ አቋም ይዣለሁ፤ ይህን ምስል የሚያትም ሰው በሕይወት የነበሩትን ሰው አብሮ መጻፍ ግዴታው ነው። ማስረጃነቱን አልክድም። ነገር ግን ያለ ትረካ ሲታተም አንባቢው የሚቆመው አንሺው በቆመበት ቦታ ነው። ካሜራው ያለበት ቦታ የገዳዩ ቦታ ነውና። የአመለካከት ነጥብ ብለን በልቦለድ ትምህርት የምናስተምረው ነገር እዚህ ላይ ከማንኛውም ልቦለድ በላይ ጎልቶ ይታያል።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ።

በአጎቴ ክፈፍ ውስጥ ከነበሩት ትልቁ ፎቶግራፍ ደሴ ውስጥ የተነሣ ነው። በ1940ዎቹ፣ ሜዳይ ለመቀበል በሄዱበት ጊዜ። ዋግ ያኔ በወሎ ሥር አውራጃ ስለነበረ የመንግሥት ጉዳይ ያለው ሰው ደሴ መውረዱ አይቀርም። አጎቴ ቆመዋል፤ ኮት ደርበዋል፤ ደረታቸው ላይ የአርበኝነት ሜዳይ አለ። ከኋላቸው በቀለም የተሣለ መጋረጃ ይታያል፤ ዓምድና የአበባ ማስቀመጫ አለበት። በግራ እጃቸው ጠመንጃ ይዘዋል። ከጎናቸው በቁመት የሚበልጣቸው፣ ጎፈሬው የተበጠረ ሌላ ሰው ቆሟል።

የአርበኛ ምስል በአገራችን የራሱ ልማድ አለው። ጎፈሬ፣ ጠመንጃ፣ ዝናር፣ ወደ ካሜራው በቀጥታ የሚያይ ዓይን። የጃጋማ ኬሎን የልጅነት ፎቶግራፍ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ያ ግዙፍ ጎፈሬ ከማንኛውም መግለጫ በላይ የጫካውን ዘመን ይናገራል። የደሴው ፎቶግራፍም ይህን ልማድ ይከተላል። ልዩነቱ ጦርነቱ ካለፈ ዓመታት በኋላ፣ በገበሬ እጅ፣ በክፍያ የተነሣ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ራሳቸው እንዳጫወቱኝ ጠመንጃው የፎቶ ቤቱ ነው። የራሳቸውን ደሴ ይዘው አልወረዱም።

ከጎናቸው ያለው ሰው ማን ነው? እዚህ ላይ ለሥነ ቃል ተማሪ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። ልጃቸው «የአባቴ የጦር ጓደኛ፣ አንድ ጉድጓድ የገቡ፣ የላስታ ሰው» ትላለች። ታላቁ የልጅ ልጅ በበኩሉ በጦርነቱ የሞተው ታላቅ ወንድማቸው ነው ይላል። ሜዳዩ የተሰጠው ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንም ሲተርከው እንባ ይቀድመዋል። አጎቴ ራሳቸው በ1992 ዓ.ም. የነገሩኝ ሌላ ነው። ሰውየውን አያውቁትም። ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተራ ሲጠብቅ ያገኙት ነው። አንሺው አንድ ሰውም ሁለት ሰውም ሲነሣ ዋጋው እኩል ነው ስላላቸው ተካፍለው ተነሡ፤ ሁለት ቅጂ ወጣ፤ እሱም የራሱን ይዞ ሄደ። ምናልባት ዛሬ በአንድ ሌላ ቤት ግድግዳ ላይ አጎቴ የማያውቁት ቤተሰብ የጦር ጓደኛ ሆነው ተሰቅለው ይሆናል።

ይህን ለልጃቸው አልነገርኳትም። የሷ ትረካ ሐሰት ነው ብዬም አላምንም። በጦርነቱ አብረዋቸው የነበሩ፣ ፎቶግራፍ ሳይነሡ የቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ ለእነሱ በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ ይፈለጋል፤ የማይታወቀው ሰው ቦታውን ይዞላቸዋል። በቃል ትውፊት ውስጥ አንድ ስም ብዙ ሰዎችን ሲወክል እንደምናየው ሁሉ እዚህ አንድ ፊት ብዙ ሰዎችን ወክሏል።

ሌላም አለ። ሜዳዩ ላይ የሚደረገው ዘንባባ አርበኛው ያገለገለበትን ዓመት ቁጥር ያመለክታል። በፎቶግራፉ ላይ በማጉያ መስታወት ስቆጥር አራት ነው፤ አጎቴም አገልግሎታቸውን ከ1929 ዓ.ም. ክረምት ጀምረው ሲቆጥሩ አራት ይሉ ነበር። ቤተሰቡ ግን አንድ ጊዜም «ባለ አራት» ሲል አልሰማሁም፤ ሁልጊዜ «ባለ አምስት ዘንባባ» ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። «አምስቱ ዘመን» በአማርኛ የረጋ አነጋገር ሆኗል፤ የረጋ አነጋገር ደግሞ ቁጥርን ያሸንፋል። የሚገርመው ቤተሰቡ በቤት ውስጥ የሚነጋገረው በኽምጣንጋ ሲሆን፣ ስለ ሜዳዩ ሲነሣ ግን ሁሉም ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። የጦርነቱ ትረካ ከሜዳዩ ጋር በአማርኛ የመጣ ነው። አጎቴ ግን ስለ ብርድ፣ ስለ ረኃብ፣ ስለ ቁስል ሲያወሩ በኽምጣንጋ ነበር፤ ይህን ክፍል በደብተሬ የያዝኩት እናቴ እያስተረጎመችልኝ ነው፤ ስለዚህ ያጣሁት ብዙ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፎቶግራፍ ጉርድ ነው። በክፈፉ ጠርዝ ሥር ሦስት፣ በልጃቸው ሣጥን ውስጥ አምስት አገኘሁ፤ ሁሉም የአንድ ቀን ፊት ነው። ከአቤቱታ ጋር የሚያያዝ ነበር። ከድል በኋላ ርስት ወይም መቋቋሚያ የጠየቀ አርበኛ ብዙ ነው፤ ለጠላት ያደረው ተሾመ፣ እኛ ተረሳን የሚለውም ቅሬታ በመላ አገሪቱ የተሰማ ነው። አጎቴም ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ በማመልከቻ ላይ አስገብተው መልስ ሳያገኙ ቀርተዋል። ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር አንድ ጉርድ ይሄዳል። የተረፉት እነዚህ ስምንት ያልገቡት ናቸው።

«ጉርድ» የሚለው ቃል ሁላችንም በየቀኑ የምንጠቀምበት ነው፤ ከደረት በላይ ተቆርጦ የቀረ ማለት ነው። በሌላ ቦታ ቢሆን በዚህ ቃል ላይ አልቆምም ነበር። ነገር ግን የጌታቸው ራስ ተቆርጦ ፎቶግራፍ በተነሣበት አገር አንድ አርበኛ የመንግሥት እውቅና ለማግኘት ራሱንና ትከሻውን ብቻ አስነሥቶ ማቅረቡን ሳስብ ቃሉ ያሳስበኛል። አጎቴ እንዲህ ብለው አስበውት ነበር ለማለት አይደለም። እሳቸውን ያስቆጣቸው ሌላ ነው፤ በጉርዱ ላይ ሜዳዩ አለመውጣቱ። አንሺው ከሜዳዩ በላይ ቆርጦታል።

ከጉርዶቹ በስተጀርባ በእርሳስም በቀለምም የተጻፈ አለ፤ የጻፈላቸው የመንደሩ ደብተራ ነው። አጻጻፉ የታወቀው ነው፤ «ለማስታወሻ» ይልና ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌና ዓመተ ምሕረት ይከተላል። ስለዚህ የፎቶግራፍ ጀርባ ጽሑፍ ጥናት ያስፈልገናል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሕይወታቸው የጻፉት ወይም ያስጻፉት ብቸኛ የአማርኛ ድርሰት ይህ ነው፤ መልክ አለው፣ የተወሰነ መግቢያ አለው፣ የሚጻፍለት ሰው አለው። የደብዳቤን ይትበሃል ያጠና ሰው ይህን የማያጠናበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ በኋላ በክፈፉ ውስጥ ባዶ ቦታ ይመጣል። ከ1940ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ አንድም ፎቶግራፍ የለም። አርባ ዓመት ያህል አጎቴ አርሰዋል፤ እርከን ሠርተዋል፤ ገብስና ማሽላ ዘርተዋል፤ ንብ አንብተዋል፤ የሰቆጣን ማር የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ይረዳል። ከጦርነቱ ጋር ሲነጻጸር የሕይወታቸው አሥር እጅ ያህል ነው። ይሁንና አራቱ ዓመት ምስል አግኝቶ አርባው ምስል አላገኘም። ድህነቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ፎቶ ቤቱም ሩቅ ነበር። ከዚህ በላይ ግን ፎቶግራፍ በክት ልብስ የሚነሡት፣ ከተማ ወርደው የሚያገኙት ነገር ነበር። ማረሻ ይዞ ፎቶግራፍ መነሣት ለአጎቴ ትውልድ አሳፋሪ ባይሆንም ትርጉም የለሽ ነበር። ማን ሊያየው?

በዚሁ ባዶ ዘመን ውስጥ ዓለም የወሎን ገበሬ በሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ አይቶታል። የዲምብልቢ ፊልም በ1966 ዓ.ም. ረኃቡን ለዓለም አሳየ፤ በ1967 ዓ.ም. የመስከረም አንድ ማታም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ ታየና በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። ከዋግ ወደ ኮረም የወረደው ሕዝብ ብዙ ነው። ልጃቸውም ከወረዱት አንዷ ናት፤ እዚያ ልጅ ቀብራለች። በ2015 ዓ.ም. የኮረም ፎቶግራፎች ያሉበትን መጽሐፍ አሳየኋት። ገጽ በገጽ ገለጠችው። ፊቶቹን እምብዛም አላየችም፤ ያየችው ብርድ ልብሱንና ነጠላውን ነው፤ የሽመናውን ጠርዝ እያየች ይህ የዋግ ነው፣ ይህ የራያ ነው እያለች ትለያለች። ጨርሳ ከዘጋችው በኋላ «እኛ የለንበትም፣ ልጄ» አለችኝ፤ በቅሬታ ይሁን በእፎይታ መለየት አልቻልኩም።

አጎቴ ሲሞቱ የደሴው ፎቶግራፍ ከክፈፉ ወጥቶ በለቅሶው ላይ ከሜዳዩና ከኮታቸው ጋር ተያዘ። ቀድሞ የሟች ፈረስ፣ ጋሻና ጠመንጃ የሚያዝበት ሥርዓት ፎቶግራፉን ያለ ችግር ተቀብሎታል። አልቃሾቹ ወደ ምስሉ እያመለከቱ ያወርዱ ነበር፤ ከጎናቸው ያለው ሰውም አብሮ ተለቅሶለታል።

በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ቤተሰቡ ሜዳዩን በመቀነት ቋጥሮ ወጣ። ክፈፉ ለመሸከም አይመችም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ሲመለሱ መስታወቱ ተሰብሯል፤ የደሴው ፎቶግራፍ የለም። አሁን ያለው እኔ በ1992 ዓ.ም. ፎቶ ኮፒ ያስነሣሁት ነው፤ ጥቁሩ በጣም ጠቁሮ የመጋረጃው ዓምድ አይታይበትም፤ ዘንባባውን ዛሬ ልቁጠር ብል አልችልም።

የተረፈው ከጉርዶቹ ሌላ አንድ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ዳር የመጣ የልጅ ልጅ ያነሣው። አጎቴ ከቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፎቶ ሊነሡ ነው ሲባሉ ገብተው ኮታቸውን ለብሰው፣ ሜዳዩን አድርገው ወጥተዋል፤ እግራቸው ግን ባዶ ነው፤ የእርሻ ጭቃ አለበት። አንሺው ልጅ ዓላማው እሳቸው ስለሆኑ ዙሪያውን አላስተዋለም። በቀኝ በኩል፣ በወረቀቱ ጠርዝ፣ የአንድ በሬ ቀንድና የግንባሩ ግማሽ ገብቷል፤ ቀንበሩ ገና አልወረደለትም።

ለልጃቸው፣ ለታላቁ የልጅ ልጅና ለሁለት ጎረቤቶቻቸው ለየብቻ ፎቶግራፉን እያሳየሁ ምን እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው። በሜዳዩ ላይ አልተስማሙም፤ ዓመቱንም የተለያየ አሉኝ። ስለ በሬው ግን አራቱም ያሉት አንድ ነው። ቦራ ይባል ነበር፤ የግራ በሬ ነው፤ የተገዛው ሰቆጣ ገበያ ላይ በማር ዋጋ ነው።